ለቦዳ የጨመርንለት ጊዜ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሐጂ ሙዘይን በእጄ ያስያዙኝ መሣሪያ የቀለም ብሩሽ ነው። ከአዲስ አበባ ካቻቪቴዬን፣ መልቲሜትሬን፣ የብየዳ ካውያዬን በፎጣ ጠቅልዬ መጥቻለሁ። ሐጂ ጥቅልሉን አዩትና፣ «እሱን ለጊዜው መልሺው። ጁባ ላይ ኮምፒውተር የሚገድለው አቧራ ነው። መጀመሪያ መጥረግ ልመጂ» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። መርካቶ ውስጥ ስንት ዓመት ማሽን ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሴት ብሩሽ ይዤ ልጥረግ? ቢሆንም የመጀመሪያውን ዴስክቶፕ ክዳን አነሳሁ። ማዘርቦርዱ የለም። ማለቴ አለ፣ ግን አይታይም፤ ቀዩ የጁባ አፈር አልብሶታል።

«ወይ ጉድ! ይሄ ኮምፒውተር ነው የድንች መደብ?» አልኩ ለራሴ።

«ድንቹም አይበቅልበት፣ ውሃ የለም» የሚል ጥርት ያለ አማርኛ ከኋላዬ ሰማሁ።

ዞር ስል አንድ ረጅም ደቡብ ሱዳናዊ ሽማግሌ ባንኮኒውን ተደግፈው ይስቃሉ። ኡስታዝ ፒትያ ናቸው። ኡስታዝ ጁባ ላይ መምህር ማለት ነው። በስደት ዘመናቸው ኢትዮጵያ ውስጥ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው አገራቸው ነፃ ስትወጣ የተመለሱ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ልጃቸው ዋኒ ደግሞ የሱቁ የሶፍትዌር ሠራተኛ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክዳን የሚያስከፍት ሥራ ሁሉ የእኔ፣ የማያስከፍተው የዋኒ ሆነ።

ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው። ኮሎሎ መንገድ ዳር ባለው ሱቃቸው ላፕቶፕ፣ ቶነርና ስታብላይዘር በጅምላም በችርቻሮም ይሸጣሉ፤ ከኋላ ያለችው ጠባብ ክፍል የጥገና ክፍል ናት። እኔ ጴንጤ ነኝ። በሃይማኖት አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም፣ በብሩሽ ግን ሁልጊዜ።

እናንተ ሙያውን የምትጀምሩ ወጣቶች፣ አሠራሩን ልንገራችሁ። ደንበኛው የሚለውን ስሙት፣ ግን አትመኑት። «ቫይረስ ነው» ቢላችሁ ብዙውን ጊዜ አቧራ ነው። ክዳኑን አንሱ፣ በብሩሽ አራግፉ፣ በብሎወር ንፉ፣ ራሙን ነቅላችሁ እግሩን በላጲስ እሹ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን የማቀዝቀዣ ቅባት፣ ፔስቱን፣ ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተነሳ ነው መልቲሜትር የሚወጣው። ሐጂ ልክ ነበሩ። እኔ ግን አልነገርኳቸውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከነገሯቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲያወሩት ይከርማሉ።

ሥራ ሲቀዘቅዝ አባትና ልጅ ባንኮኒው ላይ ቼዝ ይዘረጋሉ። ከጨዋታው ግማሹ ጠብ ነው። ኡስታዝ አገጫቸውን ይዘው ያስባሉ፣ ዋኒ እግሩን ያርገፈግፋል።

«አባዬ፣ ዛሬ ትጫወታለህ ወይስ ነገ ልምጣ?»

«ነገ ናና ተሸነፍ። ማን ከለከለህ?»

ዋኒ ራሱም ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ጽፏል። ስሙን ቦዳ አለው፤ ጁባ መንገድ ላይ ሰው ጭኖ በሚበረው ሞተር ሳይክል ስም። ኡስታዝ አንድ ቀን ቦዳን ገጥመው አሸነፉትና፣ «ስሙስ ልክ ነው። ይፈጥናል፣ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል» አሉ። ዋኒም ሳቀ፣ ሐጂም ሳቁ፣ እኔ ፔስት የያዘ እጄን አፌ ላይ ጫንኩት።

ሥራ ከጀመርኩ ወር ሳይሞላኝ፣ በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ተኩሱ መጣ። የሆነውን ሌሎች ይናገሩ፤ እኔ የማውቀው የሱቁን ወለል ነው። ሐጂ፣ ዋኒና እኔ የብረት መዝጊያውን ቆልፈን በካርቶኖች መሃል ተኝተን ሰነበትን። ሐጂ ቁርአን ይቀራሉ፣ እኔ እጸልያለሁ፣ ዋኒ ስልክ ይሞክራል። ኡስታዝ ጉዴሌ ሰፈር ቤታቸው ብቻቸውን ነበሩ። ስልካቸው አይነሳም።

መንገዱ እንደተከፈተ ዋኒ በሩጫ ሄደ። ጎረቤት አግኝቷቸው ምንጣፍ ላይ አስተኝቷቸዋል። ስትሮክ መትቷቸው ነበር። ቀኝ እጃቸው አይነሳም፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ ያ ከእኔ የሚፈጥን አንደበት ዝም ብሏል።

ብዙ አበሻ ያኔ ወደ አገሩ ገባ። ሐጂ «ዕቃዬን ለማን ጥዬ?» ብለው ቀሩ። እኔም ቀረሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ለደመወዜ ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ልጅ ከዚያ አባት ጋር ትቶ መሄድ አንጀቴ አልቻለም።

ወራት እያለፉ ሲሄዱ ገበያውም ትንሽ ትንሽ ተነሳ። ኦኬሎ የሚባል ኡጋንዳዊ የሂሳብ ሠራተኛ ላፕቶፑን ሊያሠራ መጥቶ በዋኒ ስክሪን ላይ ቦዳ ሲጫወት አየና ጮኸ። ለካ እሱም የራሱን የቼዝ ፕሮግራም ጽፏል! ስሙ ማቶኬ ነው፣ እንደ አገሩ የሙዝ ምግብ። እንግሊዝኛውን ከጁባ አረብኛ እያጣቀሰ፣ «ማቶኬ ሽዌያ ሽዌያ ነው የሚበስለው። ግን ያጠግባል» አለን። ቀስ በቀስ ማለቱ ነው። በዚያው ቅዳሜ ውድድር ተጀመረ።

ትልቁን ሞኒተር ወደ በረንዳው አዞርኩት። አላፊ አግዳሚው የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ቆሞ ያያል። ሐጂ መጀመሪያ፣ «ሱቄን ቁማር ቤት አደረጋችሁት» ብለው አጉረመረሙ። ከቆመው ሰው መሃል ፍላሽና ቻርጀር የሚገዛው ሲበዛ ግን ራሳቸው ወንበር ጨመሩ።

ውድድሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች አንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫናሉ፤ ሦስተኛ ፕሮግራም ዳኛ ሆኖ ተራ ይሰጣል፣ ሰዓትም ይይዛል። ለሙሉ ጨዋታው ለእያንዳንዳቸው የተወሰነ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ጊዜው ካለቀበት፣ እያሸነፈ እንኳን ቢሆን፣ ተሸነፈ ይባላል። እኛ የመረጥነው የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ነበር። የዋኒ ሐሳብ ነው።

«እትዬ ትርሲት፣ አንድ ረጅም ጨዋታ ዕድል ሊሆን ይችላል» አለኝ። «አጭር አጭሩን ብዙ ስታጫውቺ ግን ዕድሉ ይራገፋል። የሚበልጠው ያኔ ይለያል።»

እውነቱን ነው። በእኛም ሙያ አንዴ የተነሳ ማሽን ተሠራ አይባልም፤ ደጋግመን አጥፍተን አብርተን ነው የምናስረክበው። እኔም «እሺ፣ እንዳልክ» አልኩት።

በሌላው ቀን ጎረቤት ብቅ እያለ ኡስታዝን ያያቸዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቤት የሚጠብቃቸው ሰው ስለሌለ ዋኒ አባቱን በሪክሻ፣ በእኛ ባጃጅ፣ ይዞ ይመጣል። ከሞኒተሩ ፊት ለፊት እናስቀምጣቸዋለን፣ ሻይ እያቀዘቀዝን እናጠጣቸዋለን። ስክሪኑ ላይ ጠጠሮቹ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። እሳቸው ዓይናቸውን ተክለው ዝም። አንዱ ጨዋታ ያልቃል፣ ሌላው ይጀምራል፣ ፊታቸው ላይ ምንም የለም።

«አባዬ፣ ቦዳ አሸነፈ! አየህ?» ይላል ዋኒ። ትንሽ ያያቸውና ፊቱን ያዞራል።

በዚህ መሃል ቦዳን አንድ በሽታ ያዘው። ጠዋት ጠዋት ማቶኬን ቀጥቅጦ ያሸንፋል። ቀትር ላይ ግን ጊዜ እያለቀበት በላይ በላዩ ይሸነፋል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነው። ዋኒ ኮዱን ሲገላብጥ ሰነበተ፣ ምንም አጣ። ኦኬሎ «ሙቀቱ ነው፣ ማሽኑ እየጋለ ነው» አለ።

እኔ ክርክራቸውን ትቼ እጄን ላፕቶፑ ላይ ጣል አደረግሁ። ጠዋት ሲጫወቱ እጅ አያስቀምጥም፤ አሁን ግን ለብ ብሏል፣ ፋኑም ጸጥ ብሏል። በጁባ ቀትር ለብ ያለ ላፕቶፕ? ነገር አለ አልኩ። ጆሮዬን ቀና ሳደርግ ገባኝ። ጄኔሬተሩ አይሰማም።

ሐጂ የቀትሩ፣ የዙህር ሶላት ሲደርስ ሁልጊዜ ጄኔሬተሩን ያጠፋሉ። ጎረቤት ያሉ ነጋዴዎችም ግቢያችን ገብተው አብረዋቸው ይሰግዳሉ፤ በጩኸት መሃል መስገድ አይወዱም። እኛ ደግሞ ያን ጸጥታ ከመልመዳችን የተነሳ መስማቱን ትተነዋል። ሞኒተሩ ዩፒኤስ በሚባለው መጠባበቂያ ባትሪ፣ ላፕቶፑም በራሱ ባትሪ ይቀጥላል፤ በባትሪ ሲሆን ኃይል ለመቆጠብ ራሱን ያዘገያል። ማቶኬ እያሰበ በየመሃሉ ሰዓቱን ያያል፣ ሲጣበብ ይቆርጣል። ቦዳ ግን ዋኒ ያዘዘውን ያህል እርምጃ ወደፊት ቆጥሮ ሳይጨርስ ቀና አይልም። ማሽኑ ሲዘገይ ጊዜው እዚያው እያሰበ ያልቅበታል።

ሳቁን አትጠይቁኝ! ኦኬሎ ሆዱን ይዞ፣ «ሐጂ፣ ለካ ማቶኬን የሚያግዘው የእርስዎ ዱዓ ነው!» ይላል።

ዋኒ ግን የምሩን ነው። «ሐጂ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ጄኔሬተሩ ባይጠፋስ?» ብሎ ጠየቀ።

«አንተ ልጅ፣ ለጨዋታ ብዬ አላህ ፊት በጩኸት ልቁም? ወላሂ አላደርገውም። ማስተካከል ያለባችሁ ጨዋታውን ነው» አሉት።

የዚያን ዕለት መላውን ያመጣው ኦኬሎ ነው። በአንድ ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ የመብራት መጥፋት ራሱ ዳኛ ይሆናል፤ በግማሽ ሰዓት ጨዋታ ውስጥ ግን ትንሽ እንቅፋት ብቻ ነው አለ። ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት፣ በየእርምጃው ደግሞ ጥቂት ሰከንድ እንጨምርላቸው። ዋኒም ቦዳን በእርምጃ ቁጥር ሳይሆን በድርሻው ጊዜ ልክ እንዲያስብ አድርጎ ሊጠግነው ተስማማ። ቢስማማም አልወደደውም። «በቀን ሁለት ሦስት ጨዋታ ምን ያረጋግጣል? ጊዜ ሲረዝም ደግሞ ሁለቱም አይሳሳቱም፤ ደካማው ከጠንካራው ጋር ይቀራረባል፣ ግማሹ ጨዋታ አቻ ነው የሚወጣው» እያለ ተነጫነጨ። ልክ ነው፣ እንዲያ ነው የሚሆነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ እኛ ግን ያኔ ያየነው ጠቡን ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ከሰዓት ላፕቶፕ ስፈታ ዋኒ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የፈታኋቸውን ብሎኖች በመጠናቸው ይለያል። ነገር እንዳለው ገባኝ።

የአባቱ እህት ዬይ ከተማ ትኖራለች። አጎቶቹ ተሰብስበው ኡስታዝን ወደ እሷ ለመላክ ወስነዋል፤ መኪናው ሰኞ ይነሳል። ከመወሰናቸው በፊት ተራ በተራ ጠይቀዋቸዋል። ይሄ ማነው? የት ነው ያለኸው? ስንት ልጆች አሉህ? ኡስታዝ አንዱንም አልመለሱም። «ከእንግዲህ ራሱን አያውቅም» ተባለ።

«አንተስ ምን አልክ?» አልኩት።

«ምን ልበል እትዬ? የሚያውቀኝ ቢሆን በጀርባዬ አዝዬም ቢሆን እዚሁ አኖረው ነበር። የማያውቀኝ ከሆነ ግን እዚያ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው ሰው አለ። እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ። እኔ እንዳልናፍቅ ብዬ እሱን እዚህ ላንገላታው?»

አለቀሰ። እኔም ካቻቪቴውን አስቀምጬ አብሬው አለቀስኩ። ሐጂ በመጋረጃው ብቅ ብለው አዩንና ተመለሱ፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ላኩልን።

ቅዳሜ ኡስታዝ እንደወትሮው መጡ። የመጨረሻቸው ቅዳሜ ስለሆነ ዋኒ ነጭ ሸሚዝ አልብሷቸዋል፣ ጢማቸውን ላጭቷቸዋል። ቦዳና ማቶኬ ረጅሙን ጨዋታ ጀመሩ። በረንዳው ላይ የነበረው ተመልካች ጥቂት አየና፣ «ኸላስ፣ አለቀ፣ ይሄማ ቆመ» ብሎ ተበተነ። ዋኒ የደንበኛ ላፕቶፕ ላይ ሶፍትዌር ሊጭን ወደ ውስጥ ገባ። ኦኬሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔ ከኡስታዝ አጠገብ ፋን እያጸዳሁ ነበር።

ግራ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነሳ። ጣታቸው ወደ ፊት ተዘረጋ። ሻይ ፈለጉ ብዬ ብርጭቆውን አቀረብኩላቸው። በእጃቸው ጀርባ ቀስ አድርገው ገፉት። ውሃም አቀረብኩ፣ እሱንም ገፉት። ጣቱ ወደ ስክሪኑ ነው፣ ወደ ቦዳ ፈረስ። «አይዞዎት ኡስታዝ» አልኳቸው። ትንሽ ቆይቶ ቦዳ ፈረሱን አንቀሳቀሰ።

አጋጣሚ ነው አልኩ። ማቶኬ ተራውን ሲጫወት እጃቸው ወደ ጉልበታቸው ተመለሰ። የቦዳ ተራ ደረሰ። ረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ጣቱ ተነሳ፣ ወደ ጫፍ ወታደር። ቦዳም ያንኑ ወታደር ገፋ። ብሩሹን አስቀመጥኩ።

እነዚያን ሁሉ ቅዳሜዎች ምን ስናሳያቸው እንደከረምን ያኔ ገባኝ። አንድ እርምጃ አይተው ሳይጨርሱ አሥር እርምጃ ያልፋቸው ነበር። ሰውየው ያያሉ፣ ያስባሉ፣ ግን ለእሳቸው የሚበቃ ጊዜ አልነበረም።

ሮጬ ገባሁ። «ዋኒ፣ ና እይ። አባትህ ጨዋታውን እየተከተሉ ነው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ እባክሽ። ሰኞ መኪና አለ። እንደ ምንም ልቤን አስጨክኜዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር አትንገሪኝ።»

ተቆጣሁ። ስቆጣ አፌ አይያዝም። «ምን ነገርኩህ? ዓይን የለህም? ና እይ ነው ያልኩህ! ካላየህ ሰኞ ላካቸው!»

መጣ። ከአባቱ ወንበር ኋላ ቆመ፣ ኦኬሎም ተጠጋ። ሐጂ ጄኔሬተሩን አጠፉ፣ ዙህር ደርሷል። ላፕቶፑ በባትሪው፣ ሞኒተሩ በዩፒኤስ ቆመ፤ የዩፒኤሱን የማስጠንቀቂያ ጩኸት እኔ ቀደም ብዬ ነቅዬለታለሁ። መንገዱ ራሱ ጸጥ ያለ መሰለኝ።

ተራው የቦዳ ነው። ከቦርዱ ጎን ፕሮግራሙ በዚያች ቅጽበት የሚያስበው እርምጃ ይጻፋል፤ እያሰበ ሲሄድ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ቦዳ «በንግሥቴ ወታደሩን ልብላ» እያለ ነው። ኡስታዝ ያያሉ። ጊዜው ይቆጥራል። ከዚያ ጣታቸው ተነሳ፣ ወደ ንግሥቷ ሳይሆን ጥግ ላይ ወዳለው ግንብ።

«ግንቡን ነው የሚለው?» አለ ዋኒ በሹክሹክታ።

ኦኬሎ ራሱን ነቀነቀ። ወታደር በነፃ እየተሰጠ ግንብ ማንሳት ሞኝነት ነው አለ። ቦዳም አሁንም «ንግሥት» ይላል። የኡስታዝ ጣት ግን አልወረደም። ይንቀጠቀጣል፣ አይወርድም። ክንዳቸውን ልደግፍላቸው ፈለግሁና ተውኩት።

ቆየ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ንግሥት የሚለው ጠፋ። ግንብ። ቦዳ ግንቡን አነሳ።

ኦኬሎ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ዋኒ ወንበሩን ዞሮ መጥቶ ከአባቱ ፊት ተንበረከከ።

«አባዬ፣ ሰኞ ዬይ ልትሄድ ነው። አክስቴ ጋ። ትሄዳለህ?»

ኡስታዝ አዩት። ምንም የለም። ዋኒ ደግሞ ሊጠይቃቸው አፉን ሲከፍት ትከሻውን ጨምድጄ ያዝኩት። «አትድገምባቸው። አንዴ ጠይቀሃል፣ አሁን ጠብቅ» አልኩት።

ጠበቀ። ማቶኬ ተጫወተ፣ ቦዳ አሰበ፣ ቦዳ ተጫወተ። ሐጂ ሰግደው ሲመለሱ፣ «ጄኔሬተሩን ላስ...» ብለው ሲጀምሩ አሠሪዬ መሆናቸውን ረስቼ እጄን አነሳሁባቸው። ባሉበት ቀጥ አሉ። የኡስታዝ አገጭ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። የግንባራቸው ሥር ተገተረ። ዋኒ ዓይኑን ከአፋቸው ላይ አልነቀለም።

«እ...» አሉ።

ስክሪኑ ላይ ማቶኬ ተጫወተ።

«...ምቢ።»

ዋኒ ጭንቅላቱን በአባቱ ጉልበት ላይ ጥሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ እኔ «ጌታ ሆይ ተመስገን» እላለሁ፣ ኦኬሎ አማርኛ ሳይገባው አብሮን ያለቅሳል። ኡስታዝ ግራ እጃቸውን አንስተው ልጃቸው ራስ ላይ እስኪያደርሱት ድረስ ብዙ ቆየ። ደረሰ።

ጨዋታውን ማን እንዳሸነፈ አላውቅም። ኦኬሎ አቻ ነበር ይላል፣ የሚያምነው ግን የለም።

ሰኞ ከአጎቶቹ አንዱ መኪናውን ይዘው መጡ። ዋኒ የነገራቸውን አላመኑም፤ ወንድማቸው ፊት ቆመው፣ «ትሄዳለህ አትሄድም?» ብለው ወዲያው ወደ ዋኒ ዞሩ፣ «ይኸው፣ ዝም አለ» አሉ።

«አጎቴ፣ ቁጭ በል» አላቸው ዋኒ። «ሻይ ይምጣልህ። ሻይህን እስክትጨርስ መልሱ ይደርሳል።»

ሻዩ አልቆ ብርጭቆው ከተነሳም በኋላ ነው የደረሰው። ያው መልስ ነበር። አጎትየው ዓይናቸውን ጠራረጉ፣ የወንድማቸውን ጉልበት ሳሙ፤ መኪናው የኡስታዝን ቦታ ባዶውን ይዞ ሄደ።

ቀን የሚጠብቃቸውን ሰው ጉዳይ ሐጂ ጨረሱት። «እዚሁ ይዋሉ። ወንበሩ እንደሆነ ምግብ አይጠይቅ» አሉ። ምግቡን እኔና ዋኒ ተራ ገባን። ከሱቁ ደንበኛ መሃል ኡስታዝን ሰላም ብሎ መልስ ሳይጠብቅ የሚያልፍ ካለ ሐጂ ራሳቸው እጁን ይዘው ያስቆሙት ነበር። ቃላቸው አንድ አንድ እያለ መጣ። አልተመለሰም እንጂ ያ የድሮው ፍጥነት፣ ሰውየው ሙሉ ናቸው። አንድ ቀን ስጠርግ ረጅም ጊዜ አይተውኝ፣ «አቧራ... በዛ... ሰነፍሽ» አሉኝ። እስኪጨርሱ ጠብቄ እየሳቅሁ ሰደብኳቸው።

ጁባን የለቀቅሁት በ2007 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ጥገና አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ማሽን ፈትሸው፣ ፕሮግራም ከፕሮግራም አወዳድረው ቁጥር ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ስንት ጊዜ ሰጣችሁት? በመብራት ነው በባትሪ? ብዬ እመልሳቸዋለሁ። የተሰጠው ጊዜ ካልታወቀ፣ «አልቻለም» ተብሎ አይጻፍም።